ዋረንን ያስጠናሁበት ሳምንት

ሰው ቆሞ ሲያጨበጭብልኝ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ባለፈው ኦክቶበር ዩኒቨርሲቲው የበረዶ ሆኪ አዳራሹን በአባቴ ስም ሲሰይም፣ አንድያ ልጁ ስለሆንኩ ንግግር እንዳደርግ ተጠራሁ። አባቴ አርቮ ኬቶላ እዚያ በረዶ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ያሠለጠነ፣ ከአራት መቶ በላይ ጨዋታ ያሸነፈ፣ አራት ዋንጫ ያመጣ፣ በፌብሩዋሪ የሞተ ሰው ነው። ሰባት ደቂቃ ተናገርኩ። አንድ ቀን በዳኛ ተናዶ ኮቱን ሜዳው ላይ ወርውሮ፣ የመኪናው ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ስለነበር በእግሩ ቤት እንደገባ አወራሁ፤ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። በቦርሳዬ ውስጥ ሌላ ወረቀት ነበረ። እሱን እንደማነብ ለራሴ ምዬ ነበር የመጣሁት። አላነበብኩትም።

ወረቀቱ ላይ የነበረው ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ ያለፈ የአንድ ሳምንት ታሪክ ነው። እዚያ ያልተነፈስኩትን እዚህ ልናገረው።

ቤታችን ከአዳራሹ ጀርባ ነበር፤ በኩሽናችን መስኮት በረዶ የሚያለሰልሰው መኪና ሲገባና ሲወጣ ይታያል። ጓሮው ውስጥ አያቴ በእጁ የሠራው ሳውና፣ በእንጨት እሳት የሚግል የማላቢያ ክፍል፣ አለ። ቅዳሜ ከሰዓት ጨዋታ ሲያልቅ ተጫዋቾቹ እየተገፈታተሩ ይመጡና አምስት አምስት ሆነው ሳውናው ውስጥ ይታጨቃሉ፤ ከዚያ ቀልተው እየጮኹ ይወጡና በረዶው ላይ ይንከባለላሉ። እናቴ ኢርማ ሥጋና ድንች በሊጥ ጠቅልላ የጋገረችውን ፓስቲ በትሪ ትደረድርላቸዋለች። ባዶ ትሪ እስኪመለስ ድረስ ከኩሽና አትወጣም። እኔ ግን በዚያ ሁሉ ጎረምሳ መሐል እየተሽሎኮለኮልኩ ያሻኝን እሰድብ ነበር፤ የአሠልጣኙን ልጅ ማን ይናገራል?

ከሁሉም የምወደው ዋረን ፍሪሰንን ነው። ከካናዳዋ ማኒቶባ፣ ከስንዴ ገበሬ ቤት የመጣ የሃያ አንድ ዓመት ተከላካይ ነበር። ትከሻው በር ይሞላል፤ ድምፁ ግን ቀጭንና ዓይን አፋር። እኔን የሚጠራኝ «አለቃ» እያለ ነው።

«አለቃ፣ ዛሬ ስንት ተሳሳትኩ?» ይለኛል ፓስቲውን እየገመጠ።

«ሦስት።»

«ለአባትሽ እንዳትነግሪብኝ፤ እሱ ሁለት ነው የቆጠረው።»

ጊዜው ማርች 1987 ነው፤ የሊጉ ግማሽ ፍጻሜ። እኔና እናቴ ሜዳውን ከከበበው መስታወት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠናል። አንድ ግዙፍ የባላጋራ ተጫዋች ዋረንን ከኋላ ገፈተረውና ጭንቅላቱ እፊታችን ካለው መስታወት ጋር ተላተመ። ድምፁ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ዋረን ግን ወዲያው ተነሣ። ግራ ቀኙን አየት አየት አደረገ፣ ቀስ እያለ ተንሸራተተና ሄዶ የባላጋራዎቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አለ። እነሱም ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት!

ሕዝቡ ሳቀ። እኔማ እንባዬ እስኪወርድ ነው የሳቅኩት። እናቴ ክንዴን ጭምድድ አድርጋ ያዘችኝ፤ በራሳችን ልጅ መሳቅ ነውር ስለሆነ ነው ብዬ አሰብኩ። አባቴ አልሳቀም። እጁን አጣጥፎ ዋረንን ብቻ ያያል። ስላዋረደን ተናዶበት ነው አልኩ በልቤ። አንድ የሰላሳ ዓመት ልምድ ያለው ሐኪም እንኳ ከዚያ የበለጠ ግልጽ ምልክት ማየት እንደማይችል ያኔ ማን ነግሮኝ?

አሸነፍን። እንደ ልማዳችን ሁሉም ወደ ጓሮ መጡ። አባቴ የጉልበት ሕመም ይሁን ጉንፋን፣ ወይም ደግሞ በሴት መከዳት፣ ሁሉም በላብ ይወጣል ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። ዋረንን በትከሻው ይዞ «ግባ፣ ግባ፤ ይለቅሃል» ብሎ ወደ ሳውናው አስገባው። ብዙም ሳይቆይ ሁለት ልጆች በብብቱ ደግፈው አወጡት። በረዶው ላይ ተንበረከከና አስታወከ።

«ማኒቶባ ቀለጠች!» አለ አንዱ።

«ፍሪሰን፣ ለእናትህ እንደውልልህ እንዴ?» አለ ሌላው፤ ሁሉም ፉጨታቸውን ለቀቁት።

እኔም ከሰው ላንስ ነው? በረዶ ጠቅልዬ ወረወርኩበትና ጆሮውን አገኘሁት። ቀና ብሎ አየኝ። ማን እንደሆንኩ ለማስታወስ የሚሞክር ይመስል ነበር። እየቀለደ መሰለኝና ደግሜ ወረወርኩ።

እሑድ ጠዋት ስነሣ ዋረን ፎቅ ላይ፣ በእንግዳ ክፍላችን ተኝቷል፤ መጋረጃው ተዘግቷል። ጉንፋን ነው፣ ዶርም ውስጥ ሌሎቹን እንዳያስይዝ ነው ተባልኩ። ሰኞ ጠዋት ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ቦት ጫማዬን ሳስር ከኩሽና ድምፅ ሰማሁ።

«የሰው ልጅ ነው አርቮ» ትላለች እናቴ።

«እኔ ምን አልኩ? አርብ ፔንሮዝ ይመጣል፣ ይጠይቀዋል። ከመለሰ ይጫወታል፣ ካልመለሰ አይጫወትም። በቃ።»

«አይመልስማ! ትናንት ስሜን ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ።»

«ገና አምስት ቀን አለው።»

«ሌላ ተከላካይ የለህም?»

«እንደሱ ያለ የለኝም። አሥራ አንድ ዓመት የለፋሁት ለዚህ ቅዳሜ ነው፣ ኢርማ።»

ገባሁና «ዋረን ምንድን ነው የሚጠየቀው?» አልኩ።

አባቴ ትክ ብሎ አየኝ። ረጅም አስተያየት ነበር። ያኔ ስላየኝ ደስ ብሎት ነው የመሰለኝ። ዛሬ ያንን ፊት ሳስታውሰው፣ ከተቀያሪዎች መካከል ማንን ላስገባ ብሎ ሲያማርጥ የሚያሳየው ፊት ነው።

«ትምህርት ከብዶታል» አለኝ። «የሥነ ልቦና ፈተና አለው አርብ። ከወደቀ አይጫወትም። አንቺ ጎበዝ አይደለሽ? ለምን አታስጠኚውም?»

«አርቮ!» አለች እናቴ።

«ምን አለበት? አብራው ትጫወታለች።»

በዩኒቨርሲቲ ሆኪ ቤት ያደገ ልጅ ይህን አይጠራጠርም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ጎበዙ ጎል አግቢያችን ኬሚስትሪ ወድቆ፣ ሙሉ ልብስ ለብሶ ከተመልካች ጋር ተቀምጦ ነበር የከረመው። ትምህርት የወደቀ አይጫወትም፤ ይህ በቤታችን ከጸሎት እኩል የታወቀ ሕግ ነው። አባቴ ፖስታ ገልብጦ ጥያቄዎቹን ጻፈልኝ፤ ምንም ሳያይ፣ በቃሉ። ዶክተር ፔንሮዝ ጭንቅላቱን የተመታን ተጫዋች ሁሉ ሲጠይቅ የኖረው እነዚያኑ ጥያቄዎች እንደነበር ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። የዓመቱ ወራት ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው፤ ቀኑ ስንት ነው፤ መጨረሻ የገጠማችሁት ማንን ነው፤ አምስት ቃላት ሰምቶ ከአምስት ደቂቃ በኋላ መድገም።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን ወርውሬ በሩጫ ወደ ፎቅ። ክፍሉ ሜንቶል ሜንቶል ይሸታል። ዋረን ዓይኑ ላይ እርጥብ ፎጣ አድርጎ ተጋድሟል፤ አጠገቡ ባልዲ አለ። ትምህርት በጨለማ አይሆንም ብዬ መጋረጃውን ገለጥኩ።

«አለቃ፣ ብርሃኑ ይጮኻል» አለኝ።

ሳቅኩ። ግማሹን ዘጋሁለት።

ዲሴምበር፣ ኖቬምበር፣ ኦክቶበር ይልና ይቆማል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። አንዴ «ፋሲካ» አለ። በመጀመሪያው ቀን በሳቅ ፈረስኩ። በሁለተኛው ቀን ግን ሳቄ አለቀ። የእኛ አስተማሪ ሚስ ማኪ አንድ ዘዴ ነበራት፤ የተሳሳተ ከመጀመሪያው ይጀምራል። እኔም እሱኑ ያዝኩ።

«ከዲሴምበር!»

«ትንሽ ልረፍ፣ አለቃ።»

«የሚያርፍ ሰነፍ ተማሪ ነው። ከዲሴምበር!»

ይጀምራል። ግንባሩን ያልበዋል። አንዳንዴ ባልዲውን በሁለት እጁ ያቅፋል፤ እኔ ፊቴን አዙሬ ጨርሶ እስኪጋደም እጠብቀውና «ከዲሴምበር» እላለሁ። ጉንፋን እንዲህ ያስታውክ እንደሆነ ጠይቄም አላውቅ። እናቴ ሾርባ ይዛ ስትገባ ዓይኔን አታይም ነበር። ዋረን እኔን ስለሚሰማኝ ቀንታ ነው ብዬ ነበር።

ረቡዕ ዕለት መላ መጣልኝ። በሰንበት ትምህርት ቤት በምንዘምራት መዝሙር ዜማ ወራቱን ወደ ኋላ ቀጣጠልኩና የአልጋውን ብረት በማንኪያ እየመታሁ አዜምኩለት። ጉድ ነው! ምንም ሳያስብ እንደ ውሃ ወረደለት። ለአምስቱ ቃላት ደግሞ ተረት ፈጠርኩ፤ ወንበሯ ፖም ይዛ፣ ኮርቻ ጭና፣ ድልድይ ስትሻገር ሻማ ወደቀባት። ይህንንም ያዘ። ከፎቅ ወርጄ ለአባቴ «ገባው! ገባው!» ስለው ብድግ አድርጎ አዞረኝ። ያን ቀን የተሰማኝን ኩራት ሳስብ፣ ብቻዬን እንኳ ተቀምጬ ፊቴ ይግላል።

ሐሙስ ከሰዓት፣ ጥናቱን ጨርሰን፣ ዋረን ፎጣውን ከዓይኑ አነሣ።

«አለቃ፣ ብወድቅስ?»

«አትወድቅም።»

«ግን ብወድቅስ? ብወድቅ የሚሻል ይመስለኛል። ጭንቅላቴ ልክ አይደለም።»

አራት ቀን የለፋሁበትን ሊያበላሽብኝ ነው ብዬ ደሜ ፈላ።

«ከወደቅክ ማንም አይወድህም» አልኩት። «አባቴም አይወድህም። እኔም አልወድህም።»

ቀስ ብሎ ትራሱን ተደገፈ። በዚያ ሁሉ ሳምንት እንዲያ ጥርት ባለ ዓይን ያየኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«እሺ፣ አለቃ» አለ። «ከዲሴምበር።»

አርብ ዶክተር ፔንሮዝ መጣ። እኛን ክትባት የሚወጋን፣ የከተማውን እናቶች ሁሉ የሚያዋልደው ሰውዬ ፈታኝ ሆኖ ሲመጣ ትንሽ ገርሞኝ ነበር። ግን በእኛ ከተማ ፖስተኛውም እሑድ እሑድ ሰባኪ ስለነበር አልመረመርኩትም። ደረጃው ላይ ተቀምጬ አዳመጥኩ። ዋረን የኩሽናውን ጠረጴዛ በጣቱ ቀስ እያለ ሲመታ ይሰማኛል። ከዲሴምበር ጃንዋሪ ድረስ ሳይተነፍስ ወረደው።

«ወይ ጉድ! እኔ ራሴ እንዲህ አልለውም» ብሎ ሳቀ ዶክተሩ። አምስቱን ቃላትም ደገመለት። ወረቀቱ ተፈረመ። ሐኪሙን ከሸኘ በኋላ አባቴ መጥቶ እጁን ጭንቅላቴ ላይ አሳረፈና «ረዳት አሠልጣኝ ኬቶላ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ዲግሪም ይዣለሁ፣ ሹመትም አግኝቻለሁ፤ አንዱም ያንን ያህል አላስደሰተኝም።

ቅዳሜ ሦስት ለሁለት አሸነፍን። በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ዋረንን አንድ ሰው በትከሻው ነካ አደረገው፤ ዳኛው እንኳ ፊሽካ ያልነፋበት ቀላል ግጭት ነው። እስከ መጨረሻው ተጫወተ። ዋንጫው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እሱ ጋ ደረሰ፤ ወደ ላይ ሳያነሣው ለቀጣዩ ሰጠው። አዳራሹ መግቢያ ላይ በተሰቀለው ፎቶግራፍ ሁሉም ካሜራውን ሲያዩ እሱ ጣሪያውን ያያል።

እሑድ ክፍሉ ባዶ ነበር። «ሀገሩ ናፈቀው፣ ሄደ» አለኝ አባቴ። ሳይሰናበተኝ! ደብተሬ ላይ ስሙን ጽፌ በቀይ እርሳስ ሰረዝኩት። ስሰርዘው ዋረን በትልቁ ከተማ ሆስፒታል ጭንቅላቱ ተከፍቶ ውስጡ የፈሰሰው ደም እየወጣለት ነበር። ከዚያ የወጣው በበጋ ነው፤ የወጣውም የገባው ዋረን አልነበረም።

ሠላሳ አምስት ዓመቴ ላይ ልጄ ኢሊ ከሰፈር ልጆች ጋር ሲጫወት ወድቆ ጭንቅላቱን መታና ክሊኒክ ወሰድኩት። ነርሷ በፈገግታ «እስቲ ወራቱን ከዲሴምበር ወደ ኋላ ቁጠርልኝ» አለችው። ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። እሷ ስለ ልጄ የደነገጥኩ መስሏት ውሃ አመጣችልኝ።

በዚያው ሳምንት አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ለሳውናው የሚሆን እንጨት እየደረደረ ነበር።

«አባዬ፣ ዋረን ያኔ ጉንፋን አልነበረም፤ አይደል?»

ሥራውን አላቆመም። «ልጁ ራሱ መጫወት ፈልጎ ነበር።»

«እኔን ለምን?»

«ከሁላችንም አንቺን ነበር የሚሰማው» አለኝ።

በክፋት አልነበረም የተናገረው። የቡድን አሰላለፉን እንደሚያስረዳ ነው። ከዚያ «እራት ትበያለሽ?» አለኝ። በላሁ። እሱ እስኪሞት አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ነገሩን ዳግም አላነሣሁበትም። ዋረንንም አልፈለግኩትም፤ አንድ ስልክ መደወል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። አባቴን ሰው ሁሉ ይወደው ነበር። የዚያ ሰው ልጅ መሆን ይመቸኝ ነበር፤ እውነቱ ይኸው ነው።

እንግዲህ የስያሜው ቀን ንግግሬ አብቅቶ ሰዉ ተሰልፎ እየጨበጠኝ ሳለ፣ አንዲት አሮጊት የአንድ ጎልማሳ እጅ ይዘው መጡ። ጎልማሳው ስልሳ ይጠጋዋል፤ በትከሻው ለየሁት። 

«እኔ የዋረን እናት ነኝ» አሉኝ ሴትዮዋ። «ዋረን፣ ይቺ ካሪን ናት። የአሠልጣኙ ልጅ።»

ዋረን ከፊቱ ለነበረው ሰውዬ የሰጠውን ፈገግታ ለእኔም ሰጠኝ። «ቆንጆ አዳራሽ ነው» አለ።

«አዎ፣ ዋረን።»

«ቆንጆ አዳራሽ ነው» አለ እንደገና።

«ሁለት ቀን ነድተን ነው የመጣነው» አሉኝ ወይዘሮ ፍሪሰን። «አባትሽን በሕይወት ሳሉ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልደፈርኩም። በዚያ ሳምንት ሦስት ጊዜ ደወልኩ። ሦስቴም አሠልጣኙ ናቸው ያነሡት። ‹እያጠና ነው፣ አሁን አይረበሽ› አሉኝ። እኔም ጎበዝ ልጅ ብዬ ዘጋሁ። እስቲ ንገሪኝ፣ እውነት ያጠና ነበር?»

«አዎ» ብል ውሸት አልነበረም። አፌም ለዚያው ተከፍቶ ነበር። ዋረን ከአጠገባቸው ቆሞ በባዶው በረዶ ላይ የሚንሸራተት ሰው የሚያይ ይመስል ዓይኑን ያንከራትታል። እሱን እያየሁ ያቺን ቃል መናገር አቃተኝ።

ከኋላቸው የተሰለፈው ሰው ቡናውን ይዞ እየጠበቀ፣ እዚያው በቆምኩበት ሁሉንም ነገርኳቸው። ጉንፋን ስላልሆነው ጉንፋን፣ ስለ ፖስታው፣ ስለ መዝሙሩ፣ ሐሙስ ዕለት ስላልኩት። ፊታቸው ሳይለወጥ ሰሙኝ። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«እኔን ጠርቶኝ ነበር?»

ይህን በወረቀቱም ላይ አልጻፍኩትም፤ እዚህም ከላይ ስተርክ ዘልዬዋለሁ። ስልካችን ምድር ቤት፣ ከደረጃው ሥር ነበር። ዋረን ጥናት በጨረስን ቁጥር «አለቃ፣ ለእማዬ ደውዬ ልምጣ» ይለኝ ነበር። እኔም «ፈተናውን ሳታልፍ የለም» እለዋለሁ። ሁለት ጊዜ ግድግዳ እየደገፈ እስከ በሩ ደርሷል፤ እኔ እጄን ግራና ቀኝ ዘርግቼ በሩ ላይ ቆምኩበት። በአንድ ጣቱ ሊያነሣኝ ይችል ነበር። «እሺ» ብሎ ተመለሰና ተኛ።

«በየቀኑ ይጠራዎት ነበር» አልኳቸው። «እንዳይደውል የከለከልኩት እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ ፍሪሰን ወደ ልጃቸው ዞረው የኮቱን የላይኛ ቁልፍ ቆለፉለት። 

«ስንት ዓመትሽ ነበር ያኔ?» አሉኝ ሳያዩኝ።

«ዘጠኝ።»

ከዚህ በኋላ ሰው ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ ልጅ ነበርሽ፣ ምን ታውቂያለሽ ይላል። ያንን ለመስማት ጠበቅኩ፤ መጠበቄንም አልክድም። እሳቸው የዋረንን እጅ ያዙና ቀና ብለው አዩኝ።

«አሁንስ?» አሉኝ።